ጦስኝ፦ ከገደል አፋፍ እስከ ብርጭቆ

(የመግቢያ ዋሽንት፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ ከወሬው በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ ነው። ጓሮ ያላችሁ ከጓሮ፣ የሌላችሁም ከገበያ ከመጣው ዘንቢል ውስጥ አንድ ዘንግ በሶብላ ይዛችሁ ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። በሶብላ ከጠፋ ናናም ይሆናል። ሂዱ፣ እጠብቃለሁ።

(ዋሽንት ለ15 ሴኮንድ)

መጣችሁ? ቅጠሉን ለጊዜው ተዉትና ለጋውን ግንድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ አሽከርክሩት። እንደ ስንደዶ አይንከባለልም፤ ይጎረብጣል። ማዕዘን ስላለው ነው። ብትቆርጡት አፉ አራት ማዕዘን ሆኖ ታዩታላችሁ። አሁን ወደ ቅጠሎቹ እንምጣ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይበቅላሉ፤ የላይኛው ጥንድ የታችኛውን መስቀለኛ ያቋርጠዋል። ካበበ ደግሞ ትንንሾቹ አበቦች ከንፈር ያለው አፍ ይመስላሉ። በመጨረሻ ቅጠሉን አሸት አድርጋችሁ ጣታችሁን አሽትቱ።

አራት ማዕዘን ግንድ፣ ትይዩ ቅጠል፣ ባለከንፈር አበባና የማይረሳ ሽታ አንድ ላይ ሲገኙ፣ ብዙውን ጊዜ የናና ቤተሰብ አባል ይዛችኋል ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ በአገራችን ሰፊ ነው። ለምች አሽተን የምንጨምቀው ዳማከሴ፣ የጠላ ጋን የሚታጠንበት ጥንጁት፣ ጥብስ ላይ የምንነሰንሰው ሮዝመሪ፣ አጥር ጥግ የሚቆመው ራስ ክምር ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የወላይታ ድንች ነው፤ ሽታ የለው፣ ቅመም አይደለ፣ ግን ዘር ማንዘሩ ሲቆጠር የናና ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ጤና አዳም በአንጻሩ ምንም ዝምድና የለውም። ቆሴረትም በመልክም በጠረንም ብትመስል የጎረቤት ቤተሰብ ነች።

ዛሬ የምናወራው ግን ከእነዚህ ሁሉ ደጋ ስለሚወደው፣ ማንም ሳይተክለው በየተራራው አፋፍ ስለሚበቅለው ስለ ጦስኝ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ፣ ንፋሱ ጋቢ በሚያስደርብበት በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ውረዱና ጥቂት እርምጃ ተራመዱ። ዓይናችሁ ከማየቱ በፊት አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ጦስኝ ቁመት የለውም። መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በድንጋይ ስንጥቅ እየገባ፣ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ግርጌው እንጨት ነው፤ ጫፉ ለጋ፣ ቅጠሉ ከምስር ብዙም የማይበልጥ፣ አበባው ሐምራዊ የቀላቀለ ሮዝ። የረገጠው ጫማ ቀኑን ሙሉ ሲሸት ይውላል።

መኖሪያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ሸዋ፣ ወሎ፣ ጎንደር፣ ትግራይ፣ ባሌ ይገኛል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሁለት ዝርያ ለይተው ያውቃሉ። አንዱ ቲመስ ሽምፔሪ ይባላል። ሁለተኛው ቲመስ ሰሩላተስ ሲሆን ስሙ ከላቲን የመጣ ነው፤ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ ስላለው ነው እንዲያ የተባለው። ሱፐርማርኬት ውስጥ “ታይም” ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የሜዲትራኒያኑ ዘመዳቸው ነው። የደጋውን ጦስኝ ያሸተተ ሰው ለዚያ ጠርሙስ ብር ለማውጣት እጁ ይያዛል፤ ይህ እንግዲህ የእኔ አድልዎ ነው።

ሽምፔሪ የሚለው ስም ባለቤት አለው። ጊዮርግ ቪልሄልም ሽምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣና አልተመለሰም። የወቅቱ የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር እንዲገዛ ሾሙት፤ እዚሁ አገባ፣ ወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። በነዚያ 40 ያህል ዓመታት ያደረቃቸው ቅጠሎች በሺህ እየታሰሩ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ሄደዋል። ጦስኛችን በስሙ የተጠራው ከሞተ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። የመንዝ ባላገር ግን ሽምፐር ከመወለዱ በፊትም ጦስኝን በስሙ ይጠራው ነበር።

(አጭር ዋሽንት)

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከዚያው ከጣርማ በር አንድ እቅፍ ጦስኝ ከነሥሩ ነቀልኩ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አዲስ አበባ አመጣሁት። ቤት ጓሮ ውስጥ ጥቁር ለም አፈር መርጬ፣ ፍግ ጨምሬ ተከልኩት። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቢጫ ሆነ፤ በሦስተኛው ግርጌው ጠቆረና ሞተ። ድርቅ የማይገድለውን ተክል በጥጋብ ገደልኩት። ከዚያ ወዲህ ነው ጦስኝን ማጥናት የጀመርኩት፤ ለመጸጸት ያህል።

የተክሉ ነገር ሁሉ ከሽታው ይጀምራል። ቅጠሉን በማጉያ መነጽር ብታዩት ላዩ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች አሉ። ስትነኩት እነሱ ይፈነዳሉ። በውስጣቸው ካለው ዘይት አብዛኛውን ድርሻ የሚይዙት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ የተሠሩበት አቶም በዓይነትም በቁጥርም አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአቀማመጥ ብቻ ነው። አንዱ ተራራ ላይ የበቀለው ታይሞል ሲበዛበት የሌላው ካርቫክሮል ያመዝንበታል። ስለዚህ የባሌው ጦስኝና የመንዙ ጦስኝ ሽታቸው አንድ አይደለም የምትል ባለሙያ ሴት ብትገጥማችሁ አትከራከሯት፤ ልክ ነች።

ተክሉ ይህን ዘይት የሚያመርተው ለእኛ ሻይ ብሎ አይደለም። ነፍሳት እንዳይበሉት፣ ሻጋታ እንዳይይዘው ጦሩና ጋሻው ነው። ሰውም ይኸንኑ ባሕርይ ተጠቀመበት። ታይሞልን እ.ኤ.አ. በ1719 ከሜዲትራኒያኑ ታይም ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ካስፓር ኖይማን የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ዛሬ በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒቶች ውስጥ አለ፤ ንብ አርቢዎችም ንባቸውን የሚጨርሰውን ቫሮዋ የተባለ ጥገኛ ተባይ ለመከላከል ይጠቀሙበታል። የእኛ ነጭ አዝሙድም በታይሞል የበለጸገ ነው። ነጭ አዝሙድ የካሮት ቤተሰብ ሆኖ ሳለ ሽታው ከጦስኝ ጋር የሚመሳሰልብን በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን በርበሬ ሲያዘጋጁ ነጭ አዝሙድ ሲያንስ ጦስኝ ጠበቅ ቢያደርጉ ኬሚስትሪ ተምረው አይደለም፤ አፍንጫቸው አስተምሯቸው ነው።

የጦስኝ ዋና ቦታው ሻይ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ይገባል። ሽሮ ሲፈጭ አብሮ ይፈጫል፤ በተለይ በጾም፣ ቅቤ በሌለበት ወጥ ላይ፣ ባዶነቱን የሚሞላው እሱ ነው። በደጋው ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለራስ ምታትና ለሆድ ሕመም ይጠጣል። ለደም ግፊት ነው የሚሉም ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የጦስኝ ጭማቂ ሽንትን የማብዛትና የደም ግፊትን የመቀነስ ምልክት ማሳየቱ እውነት ነው። ነገር ግን አይጥ ላይ የታየና ሰው ላይ የተረጋገጠ ለየቅል ናቸው። የግፊት ክኒናችሁን አስቀምጣችሁ ጦስኝ የምትጠጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ክኒኑን መልሱት። ጦስኙንም ጠጡ፤ ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ሁለቱ ተደርበው ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉና። ነፍሰ ጡሮችም በወጥ ውስጥ የሚገባው አያስጨንቃችሁ፤ ወፍራም ተደርጎ በየቀኑ የሚጠጣውን ግን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ከቅጠሉ የሚነጠረው ንጹሕ ዘይት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያ የብዙ ቅጠል ኃይል በትንሽ መጠን የተከማቸበት ስለሆነ እንደ ሻይ የሚጠጣ አይደለም።

(አጭር ዋሽንት)

ገበያ እንውጣ። ደብረ ብርሃን በገበያ ቀን፣ ወይም አዲስ አበባ ሾላና መርካቶ፣ ጦስኝ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። እፍኝ አድርጋችሁ ስታገላብጡት ታች ላይ ምን እንደሚገኝ አይታችኋል? ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ሥር አለ። አፈር የያዘ፣ እንደ ጅማት የጠነከረ ሥር። ይህ ማለት ያ ተክል አልታጨደም፤ ተነቅሏል። የሚከርመው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያቆጠቁጠው ክፍል ሻይ ቤት ገብቶ ወንፊት ላይ ቀርቶ ወደ ቆሻሻ ሊጣል ነው።

ነቃዩን አልወቅስም፤ እኔም ያው ነኝና። ጠዋት ብርዱ ላይ ወጥቶ፣ ገደል ለገደል ተንጠላጥሎ፣ እስከ እኩለ ቀን አንድ ጆንያ መሙላት ያለበት ልጅ ማጭድ ይዞ ጫፍ ጫፉን እስኪመርጥ አይታገሥም። መንቀል ይፈጥናል። ሚዛንም ያነሳል። ተራራው ደግሞ የማንም አይደለም፤ እኔ ዛሬ ብተወው ነገ ሌላው ይነቅለዋል። ችግሩ የጠባይ ሳይሆን የባለቤትነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጣርማ በር በስተሰሜን መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ቤት የሚከደንበት ጓሳ ሣር የሚበቅልበት። የአስቦና የጌራ ልጆች የሚባሉት ነዋሪዎች ያን መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያጭዳል፤ መልሰው ይዘጉታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሆኖም ማኅበረሰቡ ልማዱን አልረሳም፣ ዛሬም አካባቢው በነዋሪው የሚጠበቅ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሣር ዘመን ተቆጥሮለት የሚታጨድበት አገር ጦስኝን ማጨድ አያቅተውም። የጎደለው ጦስኝን እንደ ሣሩ ሀብት ብሎ መቁጠር ነው።

ሌላ አገር ደግሞ ልውሰዳችሁ። እስራኤል ያላችሁ አድማጮቻችን ዛዕታርን ታውቁታላችሁ፤ እሱም የናና ቤተሰብ ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ ሂሶጵ፣ በግዕዙ አዛብ የተባለው ይኸው ተክል ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። የዱሩ ዛዕታር ከኮረብታው እየተለቀመ ሊያልቅ ሲል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1977 ጥብቅ ተክል ነው ብሎ መልቀምን ከለከለ። ለትውልድ ከኮረብታው እየለቀሙ ጓዳቸውን ሲሞሉ የኖሩ ፍልስጤማውያን ግን በአንድ ጠዋት ተቀጪ ሆኑ፤ ቅሬታው እስከ ዛሬ አልበረደም። ተክሉን ለገበያ ያቆየው ዋናው ነገር እርሻ ላይ መተከሉ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ቅጣት ከመምጣቱ በፊት ችግኝ ይምጣ።

(ዋሽንት፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

እንግዲህ እንትከል። የመሳሳት ልምድ ያለኝ በመሆኔ ምክሬን እመኑ።

መጀመሪያ ቦታውን። ጦስኝ ገደል ላይ የሚበቅለው ገደል ስለሚወድ አይደለም፤ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ጓሯችሁ መረሬ አፈር ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሉበት። ፍግ አታብዙ። በጣም ሲወፍር ቅጠሉ ያምርና ሽታው ይሳሳል። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኝ ይሁን። በረንዳ ላይ በሰባራ ባልዲም ይሆናል፤ ቂጡን ብሱት እንጂ። ቆላ ያላችሁ ግን አትድከሙ፤ ውርጭ የለመደን ተክል ሙቀት ውስጥ ከማሰቃየት በሶብላ ብትተክሉ ይሻላል።

ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ ለጀማሪ አይመችም። ቁርጥራጭ ይቀላል። ያላበበ ለጋ ቅርንጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አንሱለትና አሸዋ በበዛበት የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ትከሉት። ለጥቂት ሳምንታት ጥላ ሥር ይቆይ፤ አፈሩ እርጥበት ይኑረው እንጂ አይጨቅይ። ከዚህም የሚቀል ዘዴ አለ፣ ተክሉ ራሱ ያስተማረን። የሚሳበውን ቅርንጫፍ ሳትቆርጡ አፈር አልብሱትና ድንጋይ ጫኑበት። ከእናቱ እየጠባ ሥር ያወጣል፤ ሥር ሲይዝ ቆርጣችሁ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩት። ወደ መደቡ የምታወጡት ክረምት ሲገባ ነው፤ በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ የምታጠጡት አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዋናው ሥራ አረም መንቀል ነው፤ እሱ አጭር ስለሆነ አረም ይቀድመዋል።

አጨዳ ላይ ደግሞ አባባላችን “ካያያዝ ይቀደዳል” ይላል። አበባው ብቅ ሲል፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እጨዱ። በእጅ አትጎትቱ፤ ማጭድ ወይም መቀስ ይሁን። ከመሬት አራት ጣት ያህል አስቀሩ። በተለይ ይህን አስታውሱልኝ፦ ከምትቆርጡበት በታች አረንጓዴ ቅጠል መኖር አለበት። እንጨት ብቻ የቀረው ጦስኝ መልሶ ማቆጥቆጥ ያቅተዋል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ማድረቅ ነው። ታይሞል በባሕርዩ የሚተንን ነገር ነው። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ግቢው ሁሉ ሲሸት ደስ ካላችሁ፣ ያ የሚሸታችሁ ከሻይ ብርጭቋችሁ የተሰረቀው ነው። ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚገባበት ቦታ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ወይም ትንንሽ እስር አድርጋችሁ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ቅጠሉ በጣት ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ሲሆን ከግንዱ አርግፋችሁ ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ፣ ብርሃን ከማይደርስበት መደርደሪያ አስቀምጡ። ፌስታል ውስጥ ያላለቀ እርጥበት ካለ ይሻግታል።

ሻዩም እንዲሁ ነው። ጦስኙን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሮ ከውሃው ጋር ሩብ ሰዓት ማንተክተክ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ፋብሪካዎችም ዘይቱን የሚያነጥሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ እነሱ እንፋሎቱን ይይዙታል፣ እኛ ለጣሪያው እንሰጠዋለን። ውሃው ይፍላ፤ ከእሳት ይውረድ፤ ያኔ ጦስኙን ጨምሩና ክደኑት። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ። ከዚያ ክዳኑን ስታነሱ ክዳኑ ሥር ያለውን ጤዛ አሽትቱት፤ ብርጭቋችሁ ላይ አራግፉት እንጂ አትድፉት።

ሰዓታችን እየደረሰ ነው። ያ መጀመሪያ ያመጣችሁት የበሶብላ ዘንግ የት ደረሰ? ወጥ ውስጥ ካልጨመራችሁት አትጣሉት። የታች ቅጠሎቹን አንሱለትና ግማሽ ድረስ ውሃ ባለው ብርጭቆ አቁሙት፤ መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ውሃው በሁለት በሦስት ቀን ይለወጥ። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ። ናናም ያው ነው፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ሥሩ ሲረዝም ወደ አፈር አዛውሩት። እጃችሁ በሱ ከተለማመደ በኋላ፣ ደጋ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ የጦስኝ ቅርንጫፍ ቆርጦ እንዲልክላችሁ ንገሩት። ነቅሎ እንዳይልክ ግን አደራ በሉት።

(የመዝጊያ ዋሽንት)